«አይ አም ኦኬ» ማለት ጨምርልኝ ነው ወይስ ይበቃኛል? ስለ ኦኬ የምታውቁ አስረዱኝ

አዲስ ገቢ፦

ሰላም ቤተሰብ። ያለሁት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። ቁርስ ቤት አስተናጋጅ ሆኜ እሠራለሁ። እንግሊዝኛ ከአገር ቤት ይዤ ነው የመጣሁት፣ ማንበብም መጻፍም አያቅተኝም። ያስቸገረኝ ከባድ ቃል አይደለም። ኦኬ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ አዛውንት መስኮት ዳር ተቀምጠው ቁርስ ይበላሉ። ኩባያቸው ጎደል ብሏል። የቡናውን ማንቆርቆሪያ ይዤ ጠጋ አልኩና ልጨምርልዎት ወይ አልኳቸው። «አይ አም ኦኬ» አሉኝ ፈገግ ብለው። እኔ ጆሮ የገባው «እሺ» ነው። ቀዳሁ። እሳቸው ለካ እጃቸውን ኩባያው አፍ ላይ ሊያደርጉ እየዘረጉ ነበር፣ ቡናው ጣታቸው ላይ ፈሰሰ። ደግነቱ ትኩስነቱ በርዶ ስለነበር አልተቃጠሉም። ግን ደነገጡ፣ እኔ ከሳቸው በላይ ደነገጥኩ። በሶፍት ሳደርቅላቸው «ኢትስ ኦኬ፣ ኢትስ ኦኬ» ይሉኛል። ተቆጣጣሪዬ ሮጣ መጣችና «አር ዩ ኦኬ?» አለቻቸው። ከዛ እኔን ወደ ጓዳ ወስዳ፣ ሰው እንዲህ ሲልህ አትቅዳ ብላ አስረዳችኝና መጨረሻ ላይ «ኦኬ?» አለች። እኔም «ኦኬ» አልኩ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ኦኬ በአምስት ዓይነት ተብሏል። የመጀመሪያው ይበቃኛል ነው። ሁለተኛው ምንም አይደለም። ሦስተኛው ተጎዱ ወይ። አራተኛው ገባህ ወይ። አምስተኛው ገብቶኛል።

ይሄ ቃል ከየት ነው የመጣው? እንዴትስ ነው ይሄን ሁሉ የሚሸከመው? የምታውቁ አስረዱኝ፣ የምሬን ነው።

ጎፋ ማዞሪያ፦

አይዞህ ወንድሜ፣ ያልደረሰበት የለም። አመጣጡን በተመለከተ እኔ የማውቀው ከጦር ሜዳ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሲነግሩን፣ የአሜሪካ ወታደሮች ከውጊያ ሲመለሱ የሞተ ሰው ከሌለ ሰሌዳ ላይ ዜሮ ቁጥርና ኬ ፊደል ይጽፉ ነበር። ኬዋ «ኪልድ» ናት፣ የተገደለ ማለት። ዜሮዋን ሰው እንደ ኦ አነበባትና ኦኬ ሆነች። ስለዚህ ኦኬ ማለት ሁሉም በሕይወት ተመልሷል ማለት ነው። እኔ ይሄን ከሰማሁ ጀምሮ ቃሉን ስሰማ ደስ ይለኛል።

የቃል ዘር፦

@ጎፋ ማዞሪያ ታሪኩ ያምራል፣ እኔም ለብዙ ዓመት አምኜው ኖሬያለሁ። ግን ዘመኑ አይገጥምም። ይሄን የሚያወሩ ሰዎች አንዳንዶቹ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነው ይላሉ፣ ሌሎቹ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይላሉ። የእርስ በርስ ጦርነቱ የተጀመረው በ1861 ነው (ሁሉንም ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ኦኬ ግን በ1839 ጋዜጣ ላይ ታትሟል። ልጅ ከእናቱ አይቀድምም።

ቀኑ ራሱ ይታወቃል። ማርች 23, 1839። ጋዜጣው ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ነው። ያኔ የቦስተን ጋዜጠኞች አንድ ፋሽን ይዟቸው ነበር፣ ቃላትን በመጀመሪያ ፊደላቸው ማሳጠር። ሲብስ ደግሞ ሆን ብለው አበላሽተው ይጽፉና የተበላሸውን ያሳጥሩታል። «ኦል ኮሬክት» ማለት ሁሉም ትክክል ነው ማለት ነው አይደል? በትክክል ከተጻፈ አንደኛው ቃል በኤ፣ ሁለተኛው በሲ ነው የሚጀምረው። እነሱ ግን ድምፁን ተከትለው በኦ እና በኬ ጻፉትና ኦ.ኬ. ብለው አሳጠሩት። አስቡት፣ «ሁሉም ትክክል ነው» የሚለው ቃል ራሱ ሁለቱም ፊደሉ ስህተት ነው። የዚያ ዘመን አንባቢ የሚስቀው እዚህ ጋ ነበር።

ብቻዋንም አልነበረችም። «ኦል ራይት»ን ኦ.ደብሊው. ይሉት ነበር፣ እሱም ሆን ተብሎ የተበላሸ። «ወደ ቴክሳስ ሄዷል» ለማለት ጂ.ቲ. የሚሉም ነበሩ። ዛሬ ልጆቻችን ቴሌግራም ላይ ሰላምታውን በላቲን ፊደል ሲጽፉ አናባቢውን ነቅለው ሦስት ፊደል ብቻ እንደሚያስቀሩት ማለት ነው። እነዚያ ሁሉ ጠፍተዋል። ኦኬ ብቻ ቀረ።

ይሄን አንድ በአንድ ከድሮ ጋዜጣ ፈልፍለው ያወጡት አለን ዎከር ሪድ የሚባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ናቸው። ሥራቸውን በ1963 እና በ1964 በተከታታይ አሳተሙት። ከሳቸው በፊት ሰው ሁሉ የመሰለውን ነበር የሚያወራው።

አዲስ ገቢ፦

@የቃል ዘር በጣም አመሰግናለሁ። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሌሎቹ ሁሉ ከጠፉ ይቺ ለምን ተረፈች?

የቃል ዘር፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ከታሪኩ ሁሉ የምወደው እዚህ ጋ ያለውን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1840፣ የፕሬዚዳንት ምርጫ ነበር። ሥልጣን ላይ ያሉት ማርቲን ቫን ቢዩረን ይባላሉ፣ ስምንተኛው ፕሬዚዳንት። የተወለዱት ኒው ዮርክ ውስጥ ኪንደርሁክ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይሏቸው ነበር፣ የኪንደርሁኩ ሽማግሌ እንደማለት። የስሙን መጀመሪያ ፊደላት ተመልከቱ። ኦ እና ኬ። ደጋፊዎቹ ኒው ዮርክ ላይ የኦኬ ክለብ አቋቋሙ፣ ኦኬን መፈክር አደረጉት። ቫን ቢዩረን ኦኬ ነው ሲሉ የኛ ሰው ትክክለኛው ሰው ነው ማለታቸው ነው።

ተቃዋሚዎቹ ዝም አላሉም። ከቫን ቢዩረን በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊደል በደንብ አይችሉም፣ ወረቀት ሲያጸድቁ «ሁሉም ትክክል ነው» ለማለት እያበላሹ ኦ.ኬ. ብለው ይፈርሙ ነበር ብለው ወሬ ነዙ። የፈጠራ ወሬ ነው። ግን ወሬው ቃሉን ከኒው ዮርክና ከቦስተን አውጥቶ አገር ምድሩን አዳረሰው። ሰውም ከዚያ በኋላ እውነት እየመሰለው ወረቀት ላይ ኦኬ እያለ መፈረም ጀመረ። ቫን ቢዩረን ምርጫውን ተሸነፉ፣ ቃሉ ግን አሸነፈ።

@አዲስ ገቢ አንተን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ማርቲን ቫን ቢዩረን አፋቸውን የፈቱት በእንግሊዝኛ አይደለም። በደች ነው። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ሁሉ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የተማሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ይሄ በጣም አሜሪካዊ የሚባለው ቃል የተስፋፋው፣ ልክ እንዳንተ ቤቱ ሌላ ቋንቋ እየተናገረ ባደገ ሰው ስም ነው። ቡናው ቢፈስ አይግረምህ።

ሚኒሶታዋ እናት፦

የኔ ልጅ ግን ትምህርት ቤት ከቀደምት አሜሪካውያን የመጣ ነው ብለው እንዳስተማሯት ነግራኛለች። ቾክቶ የሚባል ሕዝብ አለ አሉ፣ በነሱ ቋንቋ «ኦኬ» የሚመስል ቃል አለ፣ «እንዲህ ነው» ማለት ነው ብላኛለች። ይሄስ?

የቃል ዘር፦

@ሚኒሶታዋ እናት ልጅሽ ያለችው ቃል በእርግጥ ቾክቶ ውስጥ አለ፣ ትርጉሙም እሷ እንዳለችው ነው። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ሳይቀሩ ይሄን አምነው ወረቀት ላይ ሲፈርሙ በቾክቶው አጻጻፍ ነበር የሚጽፉት። ከምዕራብ አፍሪካም ወሎፎች «ዋው ኬ» ይላሉ፣ አዎን በእርግጥ ማለት ነው፣ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት ሄዱ የሚል ሐሳብ ዴቪድ ዳልቢ የተባሉ ምሁር አቅርበዋል። ግሪኮች ደግሞ «ኦላ ካላ» አላቸው፣ ሁሉም መልካም ነው ማለት ነው።

ሁሉም ይመስላሉ። ግን መመሳሰል ዝምድና አይደለም። የቦስተኑ ጋዜጣ ላይ ከኦ.ኬ. አጠገብ ትርጉሙ ተጽፏል፣ «ሁሉም ትክክል» ተብሎ። ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ወራት በሌሎች ጋዜጦች ላይም እየተከታተለ ይወጣል። እግሩን ተከትለህ መሄድ የምትችለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። እኔ የማምነውም ስለዚህ ነው እንጂ ሌላው አስቀያሚ ታሪክ ስለሆነ አይደለም።

ጡረተኛው፦

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። እኔ በኃይለ ሥላሴ ዘመን ደሴ ቴሌ ተቀጥሬ ነው ያረጀሁት። ይሄን ቃል የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከመስመር ነው። አዲስ አበባ ያለው ኦፕሬተር መልእክቱን ያስተላልፋል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብለታለሁ። ልክ ሲሆን «ኦኬ» ይላል። ያቺን ቃል ሳልሰማ እርሳሴን አላስቀምጥም ነበር። አለቃችን ያስጠነቀቁን፣ ኦኬ ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ ደርሶኛል ማለት ነው ብለው ነው። የመጣው መርዶም ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን የአንዲት ጎረቤቴን ልጅ ሞት በዚያ መስመር ተቀብዬ «ኦኬ» ብዬ ዘግቻለሁ። ሌላ ማለት አይቻልም ነበር።

የቃል ዘር፦

ጋሼ፣ ይሄን ስላካፈሉን እግዜር ይስጥልን። ያስተማሯችሁ አለቃ በትክክል ነው የነገሯችሁ። ሳሙኤል ሞርስ ከዋሽንግተን ባልቲሞር የመጀመሪያውን መልእክት የላኩት በ1844 ነው፣ ኦኬ በታተመ በአምስት ዓመቱ። ቴሌግራፍና ባቡር ጣቢያ ላይ ኦኬ ደረሰኝ ሆነ። አጭር ነው፣ ከሌላ ቃል ጋር አይምታታም። ምርጫው ቃሉን አሳወቀው፣ ሽቦው ሥራ ሰጠው። ጨረቃ ላይም ደርሷል። በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃን ሲነካ በዝ ኦልድሪን ወዲያው ከተናገሯቸው ቃላት አንዱ «ኦኬ» ነበር፣ ሞተሩ ቆሟል ለማለት።

ተርጓሚዋ፦

ዘግይቼ ነው የደረስኩት፣ ግን ይሄ የኔ የዕለት እንጀራ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እኔ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ።

@አዲስ ገቢ የተሳሳትከው ቃሉን ስላላወቅህ አይደለም። ሁላችንም ኦኬ ማለት እሺ ነው ብለን ስለተማርን ነው። አይደለም። እስቲ ይቺን ሞክሯት። «ሻዩ ኦኬ ነው» ይባላል። «ሻዩ እሺ ነው» ይባላል? አይባልም። እሺ የሰው ነው። አንድ ሰው ጠይቆህ፣ አዝዞህ፣ ለምኖህ አንተ ፈቃድህን የምትሰጥበት ቃል ነው። ለዚህ ነው እሺ ይበልጣል ከሺ የሚባለው፣ እሺ ባይ የሚባል ሰው ያለው፣ እምቢ የሚባል ተቃራኒ ያለው። ኦኬ ግን ስለ ነገሩ ነው የሚናገረው። ነገሩ እንዳለ ነው፣ አልተበላሸም፣ ምንም አልጎደለበትም። አመስጋኝም አይደለም፣ ነቃፊም አይደለም።

አዛውንቱ «አይ አም ኦኬ» ሲሉ ስለ ራሳቸው ነው የተናገሩት። ምንም አልጎደለኝም፣ እንዳለሁ ደህና ነኝ ማለታቸው ነው። ስለዚህ ይበቃኛል ሆነ። አንተ የሰማኸው ደግሞ ለጥያቄህ የተሰጠ ፈቃድ ነው። በዚያ ላይ እኛ ቤት አንድ ጊዜ ይበቃኛል ያለ እንግዳ በቃው ተብሎ አይተውም። በሞቴ ይባላል፣ አፈር ስሆን ይባላል፣ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ነው እውነተኛው መልስ የሚታወቀው። እንኳን ኦኬ ተብለህ፣ በቃኝ ብትባልም እጅህ ወደ መቅዳት ነው የሚያደላው። አስተዳደግህ ነው።

አሁንም ያማርኛው ዘመድ እሺ ሳይሆን «ደህና» ነው። ሻዩ ደህና ነው። ደህና ነኝ። ደህና ነህ? እነዚህ ሁሉ ከኦኬ ጋር ይገጥማሉ።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ አነጋገርሽ ግሩም ነው። ግን እሺን ትንሽ አሳነስሻት። አንድ ሰው ወሬ ሲያወራልኝ «እሺ፣ እሺ፣ ከዛስ?» እለዋለሁ፣ ፈቃድ መስጠቴ አይደለም፣ እየሰማሁህ ነው ማለቴ ነው። ወዳጄን መንገድ ላይ ሳገኘውም «እሺ፣ እንዴት ነው?» እላለሁ። ስልክ ስዘጋም እሺ፣ እሺ፣ በል ቻው ነው። ይሄ ሁሉ ፈረንጁ ኦኬ የሚልበት ቦታ ነው። ደግሞም «እሺ፣ ነገ ና» የተባለ ባለጉዳይ ፈቃድ አገኘ ማለት አይደለም። ያን እሺ ሰምቶ ጉዳዬ አለቀ ብሎ የሄደ የውጭ አገር ሰው ስንት ጊዜ ተመላልሷል።

ተርጓሚዋ፦

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ ይሄን መጨመር ነበረብኝ። በንግግር ማያያዣነት ሁለቱ መንትያ ናቸው። የሚለያዩት ነገርን ሲገልጹ ነው። «እሺ፣ ነገ ና» ያሉት ደግሞ የራሱ ትምህርት ይፈልጋል፣ ያኔ እሺ የሚሰጠው ለሰውየው ክብር ነው፣ ለጉዳዩ አይደለም።

ከጣና ማዶ፦

እኔ ግን አንድ ነገር ያሳዝነኛል። እሺ የምትባል ሁለት ፊደል የሆነች የራሳችን ቃል እያለችን አዲስ አበባ ያለው ወጣት ሁሉ ኦኬ ኦኬ ይላል። አያቴ ጋ ስልክ ደውሎ «ኦኬ ኦኬ» የሚል የልጅ ልጅ አለ። ቋንቋ እንዲህ ነው የሚያልቀው።

ተርጓሚዋ፦

@ከጣና ማዶ ስሜትህ ይገባኛል። እኔ ግን እሺ የምትሞት አይመስለኝም። ልብ ብለህ ስማ፣ ያው ወጣት ለጓደኛው «ኦኬ ነው፣ ችግር የለውም» ይላል፣ እናቱ ስትጠራው ግን «አቤት፣ እሺ እማዬ» ነው የሚለው። «ኦኬ እማዬ» ቢል እናቱ ቀና ብላ ታየዋለች። ሁለቱን ሥራ አካፍሏቸዋል። ስልክህንም አማርኛ አድርገው፣ ኦኬ ይል የነበረው ቁልፍ «እሺ» ይላል።

የቃል ዘር፦

ቁልፍ ስትይ አስታወስሽኝ። ኦኬ አፕል ኮምፒውተር ቁልፍ ላይ እንዴት እንደገባ ታውቃላችሁ? አፕል ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሊሳ የሚባለውን ኮምፒውተር ሲሠራ ቁልፉ ላይ የነበረው «ዶ ኢት» የሚል ነበር፣ አድርገው ማለት። ለሰው ሰጥተው ሲያስሞክሩ ሰዎቹ እዚያ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። አንዱ ይበሳጫል። ለካስ በሁለቱ ቃላት መሀል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፣ ትልቁ አይ ደግሞ ትንሹን ኤል ይመስላል። ሰውየው ያነበበው «ዶልት» ብሎ ነው፣ ደደብ ማለት። ማሽኑ ደደብ እያለ ይሰድበኛል ብሎ ተቀየመ። በኦኬ ቀየሩት። ሊሳ ላይ የነበረው የኦኬ ቁልፍ በዚያ ሰው ቅያሜ የመጣ ነው።

ሃይፋ ነኝ፦

ከእስራኤል ነኝ። እዚህ ዕብራይስጡ «ብሴደር» ይላል። ቃል በቃል ሲፈታ በሥርዓቱ፣ በቦታው ነው ማለት ነው። ተርጓሚዋ እንዳለችው ስለ ነገሩ ነው የሚናገረው፣ ስለ ሰው ፈቃድ አይደለም። ሕፃን ሆኜ ስመጣ ከተማርኳቸው ቃላት መጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እናቴ ዛሬም ቢሆን ለሐኪም ሁሉን ነገር «ብሴደር» ትላለች፣ ቢያማትም። ስለዚህ አብሬያት እገባለሁ።

ከዱባይ፦

እህቶቼ ለሆናችሁ፣ በተለይ አዲስ ለምትመጡ አንድ ነገር ልናገር። እኔ መጀመሪያ ስመጣ አረብኛ አልችልም፣ እንግሊዝኛም ብዙ አልችልም። እመቤቲቱ አንድ ነገር ስትለኝ «ኦኬ ማዳም» እላለሁ። ስትደግመው «ኦኬ ኦኬ» እላለሁ። እኔ ሰምቼሻለሁ ለማለት ነው። እሷ ግን ገብቷታል ብላ ትሄዳለች። አንድ ቀን የሕፃኑን መድኃኒት ከምግብ በፊት ስጪው አለችኝ። ኦኬ አልኩ። የገባኝ መድኃኒት የሚለው ብቻ ነበር። ከበላ በኋላ ሰጠሁት። ሕፃኑ ምንም አልሆነም፣ እኔ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ ያልገባኝን ነገር ኦኬ አልልም። በእጄ እያሳየሁ «ይሄ? አሁን?» እያልኩ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ትሰለች ነበር። አሁን እሷም ቀስ ብላ ነው የምታስረዳኝ።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ያደረግሽው እኛ መስመር ላይ እናደርገው የነበረውን ነው። መልሶ ማንበብ።

ሚኒሶታዋ እናት፦

ከዱባይ የጻፍሽው እህቴ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። «ስትወጪ ደውዪልኝ፣ ራት አስቀምጬልሻለሁ» ብዬ ረጅም መልእክት እጽፍላታለሁ። የምትመልስልኝ አንድ ፊደል ነው። ኬ። ኦዋ እንኳን የለችም። ተቀይማኝ ነው ወይስ የዘመኑ ልማድ ነው?

ጎፋ ማዞሪያ፦

@ሚኒሶታዋ እናት እኔ ሁለት ታናናሽ እህቶች አሉኝ፣ በነሱ ልንገርሽ። ኬ ብቻዋን ከመጣች ወይ ቸኩላለች ወይ ከፍቷታል። ኦኬ ሙሉው ከመጣ ሰላም ነው። ኦኬ ብላ ከኋላው ነጥብ ካደረገችበት ጨክናለች። ኦኬኬኬ ብላ ኬውን ከደረደረችው ደስ ብሏታል። አትጠይቂያት፣ ደውዪላት። ድምፅ አይዋሽም።

ሚኒሶታዋ እናት፦

ደወልኩ። ፈተና ላይ ነበረች። ዛሬ «ኦኬ እማ» ብላ ጽፋለች።

አዲስ ገቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። @ተርጓሚዋ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ሆስፒታል ስትሠሪ ሐኪም «ሺ ኢዝ ጎይንግ ቱ ቢ ኦኬ» ሲል ምን ብለሽ ነው የምትተረጉሚው? እኔ ብሆን «ትድናለች» እል ነበር።

ተርጓሚዋ፦

እኔም በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ። አባትየው መሬት ስሞ ተነሣ። እኔ ግን ሐኪሙ ያላለውን ነበር የሰጠሁት። «ትድናለች» ቃል መግባት ነው፣ በሽታው ይወጣል ማለት ነው። ሐኪሙ ያለው ለሕይወቷ አያሰጋትም፣ ከዚህ በኋላ የከፋ ነገር አንጠብቅም ነው። ልጅቱ ሕመሙን ይዛው ነው የምትኖረው። በማግሥቱ ሐኪሙ ስለ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ሲያወራ አባትየው ወደ እኔ ነበር የሚያየው፣ ወደ ሐኪሙ አይደለም።

አሁን «ደህና ትሆናለች» እላለሁ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞሬ፣ ደህና ሲሉ ምን ማለትዎ ነው፣ ለቤተሰቡ ያስረዱልኝ እላለሁ። እንዲህ ስጠይቅ የተቆጣኝ ሐኪም የለም። አንዳንዶቹ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

አዲስ ገቢ፦

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ አዛውንቱ መጥተው ነበር። እዚያው መስኮት ዳር። ማንቆርቆሪያውን ይዤ ሄድኩ። እንደ ባለፈው ጠየቅኳቸው። እሳቸው እጃቸውን አስቀድመው ኩባያው ላይ አድርገው «አይ አም ኦኬ» አሉኝ። ማንቆርቆሪያውን ወደ ኋላ አደረግኩት። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው ጠሩኝና እጃቸውን ከኩባያው ላይ አነሡ፣ ቀዳሁላቸው።